ደርቃ የከረመችው ጀልባ

አይለርት ጀልባውን የተንከባከበውን ያህል ሚስቱን ቢንከባከብ ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ የምጽፈው ነገር ባልኖረኝ። ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። በጉንቮር ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፣ ጠጥቶ አይገባም፣ የዓሣው ወራት ሲደርስም ከሁሉ ቀድሞ ወጥቶ ከሁሉ ኋላ ይመለስ ነበር። የእኔ የጀልባ ቤት ከእሱ የጀልባ ቤት ጎን ነው፤ ጣሪያዎቻችን ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተኳርፈን አናውቅም። ግን እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ ሰውየው ዛሬን ለነገ ማስቀመጥ ይወድ ነበር። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለከነገ ወዲያ ያቆየዋል።

ጀልባዋን የሠራት አባቱ ነው። ባለ ስድስት መቅዘፊያ፣ ሦስት ሰው የሚቀዝፋት፣ ከፊትም ከኋላም ሾጠጥ ያለች፣ ሳንቃዎቿ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ። ሽማግሌው እሷን ጨርሶ ሌላ አልሠራም፤ ዓይኑ ፈዘዘ። በመንደራችን በስትራንድ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም እንደ እሷ ያለች አልታየችም። ይህን የምለው እኔ ሃርትቪክ ነኝ፤ በመንደሩ መጀመሪያ የፕላስቲክ ጀልባ ገዝቼ "የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አመጣ" እየተባልኩ የተሳቀብኝ ሰውዬ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሌላው ሰው ጀልባውን ጎትቶ ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ቤቱ ገብቶ ዓሣውን ቀቅሎ ይበላል። አይለርት እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ውስጧን በባሕር ውሃ ያጥባል። የምንጭ ውሃ አያስጠጋትም፤ የሰማይ ውሃ እንጨት ያበሰብሳል፣ የባሕር ውሃ ግን ጨው ስለሆነ ያቆየዋል፤ ይህን አባቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ከዚያ ከታች ያለውን ውታፍ ነቅሎ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ ይጠብቃል። ሆዷ መሬት እንዳይነካ በግንዶች ላይ ያስቀምጣታል፤ ግንዶቹን ደግሞ እየተንበረከከ፣ በአንድ ዓይኑ እያጮለቀ ያስተካክላል። የጀልባ ቤቶቻችን ግድግዳ ጣውላው ክፍተት ክፍተት አለው፣ ነፋስ እንዲገባ፣ ዝናብ እንዳይገባ። ግን አውሎ ነፋስ ሲነሳ ደቃቁ በረዶ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይገባል። ያን ጊዜ አይለርት የዝይ ክንፍ ይዞ ይመጣና በረዶው ሳይቀልጥ ከሳንቃው ላይ ጠረግ ጠረግ ያደርገዋል። በጎች መጥተው እንዳይታከኩባት በሩ ላይ መረብ ይዘረጋል። ፀደይ ሲመጣ የጥድ ዝፍት አሙቆ ይቀባታል፤ ሽታው እኔ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ደስ የሚል ሽታ ነው።

ይህ ሁሉ ደግ ነገር ነው። አባቶቻችንም አድርገውታል። አባቶቻችን ግን ያን ሁሉ የሚያደርጉት በፀደይ ጀልባዋን ባሕር ላይ ሊጥሏት ነበር።

አይለርት በጎልማሳነቱ ይቀዝፋት ነበር፤ አይቼዋለሁ። ለዓሣው የሞተር ጀልባ ከገዛ በኋላ ግን እሷ የእሁድ ሆነች። ከዚያ የበጋው አጋማሽ በዓል ብቻ ሆነች። ቀጥሎ ደግሞ አንድ በጋ ነፋሱ ደረቅ ነው አለ፤ ሌላ በጋ ቀለሙ አልደረቀም አለ። ደረቀ፣ አልደረቀ፣ እንዲህ እያለ ዓመታቱ ሄዱ። የጡረታ ዕድሜው ደርሶ የሞተር ጀልባውን ሲሸጥ "አሁን እንግዲህ ይወስዳታል" ብለን ጠበቅን። እሱ ግን ጡረታ የወጣው በዝይ ክንፉ በደንብ ለመጠቀም ነበር የሚመስለው።

ጉንቮር የሆልሜይ ልጅ ነች። ሆልሜይ ከባሕሩ ማዶ ያለች ደሴት ናት፤ መንግሥት የዳር ደሴት ሰዎችን ወደ ትልልቆቹ ካዛወረ ወዲህ ማንም አይኖርባትም። የጸሎት ቤቷና መቃብሩ ብቻ ቀርተዋል፤ እናትና አባቷም እዚያ ተኝተዋል። አይለርት ያገባት ጊዜ ከዚያ ያመጣት በዚያችው ጀልባ ነው። ሳጥኗንና አንዲት ግልገል ጭኖ፣ ራሱ እየቀዘፈ፣ በጠራራ ፀሐይ። ያን ቀን ስታወራ ፊቷ ይለወጥ ነበር።

በየበጋው ትጠይቀዋለች። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ የሰማሁትን አንዱን ልንገራችሁ።

"ዘንድሮስ ሆልሜይ ትወስደኛለህ?"

"ነፋሱ ከሰሜን ሆነ እኮ። ሳንቃው ደርቋል፤ መጀመሪያ ባሕር ውስጥ ተቀምጣ ውሃ መጠጣት አለባት።"

"ትጠጣ ታዲያ! ማን ከለከላት? በውሃ ጥም የገደልካት አንተ ነህ።"

"ገና ዝፍት ቀብቻት..."

"አይለርት፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ አባትህን?"

"አንቺ ደግሞ። ለሚመጣው በጋ እንሄዳለን።"

"ሃርትቪክ! ሰማኸው? ለሚመጣው በጋ አለ። ምስክር ሁነኝ።"

"ምስክርነቱ ሰለቸኝ፤ ነይ እኔ ልውሰድሽ፣ አሁኑኑ" አልኳት።

"በአንተ ገንዳ? የዓሣ አንጀት እየሸተተኝ ወደ እናቴ ልሂድ? ያመጣኝ እሱ ነው፣ እሱ ይመልሰኝ።"

ግትርነት በዚያ ቤት ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር። ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ለአይለርት ግፍ ነው። እሷም ብትፈልግ ኖሮ በማንም ጀልባ ትሄድ ነበር። ግን መሄድ ብቻ አልነበረም የፈለገችው።

ባለፈው መኸር ልቧን አመማት። ደረጃ መውጣት አቃታት፣ እግሯ አበጠ። በገና ሰሞን እኔና ባለቤቴ ልንጠይቃቸው ሄድን። አይለርት ራሱ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ከነጉበቱ ቀቅሎ አቀረበልን፤ እሷ ደግሞ ከወንበሯ ሳትነሳ ቀጭኑን የድንች ቂጣ ቅቤና ስኳር እየቀባች ትጠቀልላለች። ስለ አየሩ፣ ስለ በጎቹ ተጨዋወትን። ድንገት ቂጣውን አስቀምጣ፣

"አይለርት፣ እጅህን ስጠኝ" አለችው።

"ምነው? አመመሽ?"

"እጅህን ስጠኝ አልኩህ።" ሰጣት። "በቁሜ አልወሰድከኝም። እንግዲህ ስሞት እናቴ ጎን አስቀምጠኝ። በዚያች ጀልባ፣ በገዛ እጅህ ቀዝፈህ። ያን ጊዜ ማዕበል ቢመታኝም አላስመልስም፤ አታስብ።"

ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። አይለርት ግን እጇን ሳይለቅ፣ "በገዛ እጄ እወስድሻለሁ" አላት። "በሰዎቹ ፊት ነው ያልኩት።"

"እሺ። በል ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብሉ" አለችና ቂጣዋን አነሳች።

ጉንቮር የሞተችው የክረምቱ ጨለማ አልፎ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ማለት በጀመረችበት ሳምንት ነው። ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ አይለርት ነው፤ ኮፍያ የለውም።

"ጉንቮር ሞተች" አለኝ። "ና ጀልባዋን አግዘኝ።"

ሰው እንዲህ ብሎ ይመጣል? ገና ሬሳዋ አልቀዘቀዘም። ግን ዓይኑን ሳይ ገባኝ። ያ ሰው ከመንደሩ ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፦ እንጨት ደርቆ ሲከርም ይኮማተራል፣ ሳንቃና ሳንቃ ይለያያል፣ እንዲህ ያለች ጀልባ ባሕር ላይ ስትጣል ወንፊት ናት። ውሃ ጠጥታ፣ አብጣ፣ ክፍተቷ እስኪገጥም ቀናት ትፈልጋለች። እሷ ደግሞ የከረመችው አንድ ክረምት አልነበረም። በሩን ከፍቶ ሸራውን ሲገልጥ የማዶው ብርሃን በሳንቃዎቹ መካከል ገብቶ መሬቱ ላይ መስመር መስመር ሠራ። አይለርት ያን ብርሃን አየ። እኔም አየሁት።

ጎረቤታችንን ኦሉፍን ጠርተን፣ ሌሎችም መጥተው በግንድ አንከባለን ወደ ባሕሩ አወረድናት። ወዲያው ሞላች። ግን እንጨት ነውና አልሰጠመችም፤ አፏ ከውሃው በላይ ብቅ እንዳለ እዚያው ተንሳፈፈች። ኦሉፍ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው፤

"ድንጋይ ጫንባት" አለው። "ካልሰጠመች የላይኞቹ ሳንቃዎች ውሃ አይነካቸውም፤ ሆዷ ይጠጣል፣ ጎኗ ደርቆ ይቀራል።"

"ድንጋይ አላስገባም" አለ አይለርት። "ውስጧን ይፍቃታል።"

"ይፍቃት ታዲያ! ሚስትህን ልትጭንባት አይደል?"

"ድንጋይ አይገባባትም አልኩህ። ብርድ ልብስ ነክሬ ጎኗን አለብሳታለሁ።"

እዚህ ላይ ብቻዬን እንኳ ስሆን እናደዳለሁ። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ጀልባ ስናወርድ ድንጋይ እንጭናለን፤ ውስጧ ይጫጫራል፣ ምን ይጠበስ? እሱ ግን ያን ሁሉ ዓመት በዝይ ክንፍ የጠረጋትን ጀልባ በድንጋይ ሊያስፍቅ አልቻለም። ሚስቱ እቤት ተዘርግታ እንኳ አልቻለም። የሱፍ ብርድ ልብሶቹን፣ የጉንቮርን የአልጋ ልብስ ሳይቀር፣ ባሕር ውስጥ እየነከረ በጎኖቿ ላይ ጣለ። ውርጩ ወዲያው በረዶ አደረጋቸው፤ እንደ ቆርቆሮ ግትር አሉ።

ልጃቸው ሪግሞር በማግስቱ ከከተማ መጣች። ነርስ ነች፤ ነገር አታስረዝምም። ቄሱን አነጋግራ፣ የመቃብር ቆፋሪውን አነጋግራ፣ የሬዲዮውን የአየር ወሬ ሰምታ ለቀብሩ ቀን ቆረጠች። ከዚያ ቀን በኋላ ከደቡብ ምዕራብ ትልቅ ማዕበል እንደሚመጣ ተነግሯል። አይለርት ወደ ባሕሩ ዳር የመጣውን ቄስ እጁን ይዞ ለመነው።

"ጥቂት ቀን ይታገሡኝ። ጀመረች እኮ፤ እየገጠመች ነው።"

"መሬቱ በረዶ ነው፤ እሳት አንድደን ነው የቆፈርነው" አሉ ቄሱ። "ማዕበሉ ከመጣ ደግሞ መቼ እንደምንሻገር እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። አዝናለሁ አይለርት።"

ሪግሞር ከኋላቸው ቆማ ትሰማ ነበር።

"አባዬ፣ ሳንቃህ ውሃ እስኪጠጣ እናቴን ጎተራ ውስጥ ላቆያት?"

"ቃል ገብቼላታለሁ ልጄ።"

"በሕይወቷም ገብተህላት ነበር። እኔ ከትንሽ ልጅነቴ ጀምሮ ስትገባላት ሰምቻለሁ።"

ከዚያ ሪግሞር ቀሚሷን ሰብስባ ብርድ ልብሶቹን መንከር ጀመረች። አባቷ ነው፤ ምን ታድርግ።

የቀብሩ ቀን ባሕሩ ልስልስ ያለ ነበር። ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ከቤቱ በር እስከ ባሕሩ ዳር የጥድ ቅጠል ነሰነሱ። አይለርት ከንጋት ጀምሮ ውሃውን በባልዲ ሲያወጣ ነበር። ባዶዋን ስትሆን ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን፤ ከታች ጭርር የሚል ትንሽ ነገር እንጂ ውሃ አይገባም። "ይዛለች!" አለ። "ሃርትቪክ፣ ይዛለች!" እንደ ልጅ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ እሰይ አልኩ።

የሬሳ ሳጥኑን አስገባን። ሦስት ቀዛፊ ገባ፤ አይለርትና ሁለት ጎረቤቶች። በሰውና በሳጥን ክብደት ጀልባዋ ዝቅ ስትል እነዚያ ውሃ ያልነካቸው የላይኞቹ ሳንቃዎች ከባሕሩ በታች ሆኑ። ውሃው በጎኗ በኩል በመስመር በመስመር ገባ። እኛ ዳር ቆመን መዝሙር ጀምረን ነበር፤ ሁለተኛው አንቀጽ ሳያልቅ ውሃው የሳጥኑን ሥር ነካ። ሪግሞር ጮኸች። ሰዎቹ እስከ ጭናቸው ባሕር ውስጥ ገብተው ሳጥኑን አወጡት።

"ወደ የት እንውሰደው?" አለ አንዱ።

ሁሉም ወደ እኔ ጀልባ ነው ያየው። ባለቤቴ በአንድ ቀን ሦስቴ በሳሙና አጥባት ነበር፤ እንዲህ እንደሚሆን ሴት ልብ ያውቃል መሰለኝ። ሽታው ግን አይለቅም። ጉንቮር በዓሣ አንጀት ሽታ ወደ እናቷ ሄደች።

"ና ግባ፣ ከአጠገቧ ተቀመጥ" አልኩት አይለርትን።

"ሂዱ" አለኝ። ባልዲውን እያነሳ ነበር። "እየቀዘፍኩ እከተላችኋለሁ።"

"አይለርት፣ እባክህ!"

"ሂዱ አልኳችሁ! በገዛ እጄ ብያታለሁ።"

ሪግሞርና ቄሱ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሞተሩን አስነሳሁ። ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት፣ በእግር የምሄድ ያህል። ኦሉፍ በትንሿ የሞተር ጀልባው ከኋላችን ሆነ። አይለርት ጥቂት ቀዝፎ ያቆማል፣ ውሃ ያወጣል፣ ደግሞ ይቀዝፋል። ጎረቤቶቹን አስወርዷቸዋል፤ ብቻውን ነው። ከወደቡ አፍ ሳንርቅ ዞር ስል የሚታየው ከወገቡ በላይ ብቻ ሆነ፤ ሰውየው ባሕር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሞተሩን ቀነስኩ።

"ሪግሞር፣ ምን ላድርግ?"

ዞራ አባቷን ለረጅም ጊዜ አየችው። እንባዋ በብርዱ ጉንጯ ላይ ቀርቷል።

"ቀጥል" አለችኝ። "እናቴ በቂ ጠብቃለች።"

ቀጠልኩ። ጉንቮርን ባሏ በሌለበት ቀበርናት። ቄሱ ንፋሱ ሲነሳ አይተው ጸሎቱን አሳጠሩት። በኋላ ኦሉፍ እንደነገረኝ፣ ደርሶበት "ግባ፣ እንደርሳለን፣ ገና አፈር አልቀመሰችም" ብሎት ነበር። አይለርት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ "ጀልባዋን እዚህ ጥዬ?" አለው። ኦሉፍም ሰውየውንና ጀልባዋን አንድ ላይ አስሮ ወደ ስትራንድ ጎተታቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ አይለርት የቆጡንም የብብቱንም በአንድ ቀን ጣለ።

ማዕበሉ እንደተባለው መጣ። ጀልባዋን ዳር ላይ አስረናት ነበር እንጂ ማንም ሊያወጣት አልሄደም፤ አይለርትም አልጋ ላይ ነበር፣ ብርዱ አጥንቱ ገብቶ። ሞገዱ በላይዋ ላይ ሲያልፍባት ሰነበተ፤ አሸዋና ጠጠር ሞላባት። ማዕበሉ አልፎ ባሕሩ የረጋ ዕለት በመስኮቴ ሳይ አይለርት እዚያ ቆሟል። አሸዋውን በአካፋ ያወጣል። ወረድኩ። ውስጧ ከዳር እስከ ዳር ተጫጭሯል፣ ዝፍቱ ተፍቋል። እሱ ጭረቱን አላየውም። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ሳንቃዎቹን ይዳብሳል።

"ገጥማለች" አለኝ። "ጠብታ አታስገባም።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ጫን ብዬ አየኋት፤ እውነቱን ነው። እንደ አዲስ የቅል አንኮላ ውሃ የማታስገባ ሆናለች።

"ግፋልኝ" አለኝ። ገፋሁለት። አብሬህ ልሂድ ስለው ራሱን ነቀነቀ።

አፋፉ ላይ ቆሜ አየሁት። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ሽማግሌ ነው፣ በሽተኛ ነው፣ ለሦስት ሰው የተሠራች ጀልባ ብቻውን ይቀዝፋል፤ መውደቁን ስጠብቅ እሱ ሆልሜይ ደርሶ ጀልባዋን ሲያስር በሩቁ አየሁት። ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ድንች እየላጠች ነበር፤ ድንቹ በስሎ ገበታ ሳይቀርብ የመቅዘፊያ ድምፅ ሰማሁና ተመልሼ ወጣሁ።

ገመዱን ወረወረልኝ። እግሩ ደረቅ ነው። ጉልበቱ ላይ የመቃብር አፈርና በረዶ ተለጥፎበታል። ከጀልባዋ አልወረደም፤ እጆቹን መቅዘፊያው ላይ እንዳደረገ ወደ መጣበት ዞሮ ያያል።

"ሃርትቪክ" አለኝ።

"አቤት።"

"ቅርብ ነው እኮ።"

"ቅርብ ነው" አልኩት።